አበዳሪው ከደጅ ይቁም፦ የጥንቱ የአይሁድ የብድር ሕግ በስልክ ብድር ዘመን

ኬንያ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ተለመደ። ሰው በስልኩ መተግበሪያ ጥቂት ገንዘብ ይበደራል። መተግበሪያውን ሲጭን «እስማማለሁ» የሚለውን ነክቶ ያልፋል። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ታዲያ የሚጠራው የእሱ ስልክ ብቻ አይደለም። የእናቱ ይጠራል። የአለቃው ይጠራል። ድሮ ቤት ያከራየው ሰው ሳይቀር «እገሌ ዕዳውን አልከፈለምና ምከሩት» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። አበዳሪው በስልኩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ገልብጦ ወስዶ ኖሯል። ነገሩ ሥር ሲሰድ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ደንብ ተበዳሪን በዚህ መንገድ ማዋረድን ከለከለ። በ2023 ደግሞ ጎግል በመደብሩ ያሉ የብድር መተግበሪያዎች የተጠቃሚውን የስልክ ቁጥሮችና ፎቶዎች እንዳያዩ አገደ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እኛም ዘንድ የስልክ ብድር ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2022 በቴሌብር ማበደር ከጀመረ ወዲህ፣ ቢሮ ሳይረግጡ፣ ቤት ሳያስይዙ መበደር ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ለብዙ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የባንክ ብድር ክፍል በር አንኳኩቶ የማያውቅ ነጋዴ ለዕለት መሸቀጫ የሚሆን ገንዘብ ማግኘት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ብድሩ ይኑር አይኑር ብዬ አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ አበዳሪው በተበዳሪው ሕይወት ውስጥ እስከ የት ድረስ ይገባል የሚለው ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቅ የኖረ አንድ ባህል አለ፤ የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ። መነሻው ኦሪት ነው። ከዚያ በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው የሊቃውንቱ የሕግ መድበል ሚሽና፣ ቀጥሎ በሚሽና ላይ የተደረገው የሊቃውንት ክርክር የተጻፈበት ታልሙድ፣ ቀጥሎ እስከ ዛሬ የሚጽፉ ረቢዎች፣ ማለትም የአይሁድ የሕግ መምህራን። ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ኦሪቱ ቤታችን አለ። ሊቃውንቱ በኦሪቱ ላይ ምን እንደሠሩበት ግን ብዙም አናውቅም። ቤተ እስራኤሎችም እንኳ ሃይማኖታቸውን ያቆዩት በግዕዙ ኦሪት ነው፤ ሚሽናና ታልሙድ አልደረሷቸውም ነበር። ብዙዎቹ ከረቢዎቹ ሕግ ጋር የተዋወቁት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው።

ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ስለ መያዣ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ አለ። ለባልንጀራህ ስታበድር መያዣ ልትወስድ ወደ ቤቱ አትግባ ይላል። ውጭ ቁም። መያዣውን እሱ ራሱ ያወጣልህ። አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስቡት። አበዳሪው መብት አለው፤ ሕጉ መያዣ እንዳይወስድ አይከለክለውም። ግን ደጃፉ ላይ ይቆማል። ድሃው ቤት ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አያይም። የትኛው ዕቃ እንደሚወጣ የሚመርጠው ተበዳሪው ነው። ልጆቹ ፊት የሚያንጎራጉር፣ መደብ ሥር የሚፈትሽ ሰው የለም። ዕዳ ያለበት ሰው ቤቱ አሁንም የእሱ ነው።

ታዲያ ዛሬ የሰው ቤት የቱ ነው? ስልክ ውስጥ የእናት ቁጥር አለ፣ የልጅ ፎቶ አለ፣ ከሚስት ጋር የተጣሉበት መልእክት አለ፣ የሐኪም ቀጠሮ አለ። ሰው ቤቱ ውስጥ ከሚያስቀምጠው ይልቅ ስልኩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይበዛል። ወደዚያ ዘልቆ የሚገባ አበዳሪ፣ በዘዳግም ቋንቋ ደጃፉን አልፏል። ተበዳሪው «እስማማለሁ» ማለቱም ብዙ አይለውጥም። የቸገረው ሰው አበዳሪው ልግባ ቢለው ድሮም አይከለክለውም ነበር። ሕጉ ክልከላውን በአበዳሪው ላይ ያደረገው ለዚህ ይመስለኛል። ለተበዳሪው «አታስገባው» አላለውም። ለአበዳሪው «አትግባ» አለው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ወፍጮን መያዣ አትውሰድ የሚል አለ፤ ወፍጮ መውሰድ ነፍስን መያዣ እንደ መውሰድ ነው ይላል። ዘጸአት 22 ደግሞ የድሃ ልብስ ካስያዝክ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት ይላል፤ ሌላ የሚለብሰው የለውምና በምን ይተኛል ብሎ ይጠይቃል። ሚሽና ይህን ወስዶ ወደ ተግባር አወረደው። መኝታው ማታ ማታ ይመለስለት፣ ማረሻው ቀን ቀን ይመለስለት አለ። የዘመናችን ባንክ ይህን ቢሰማ ምን ዓይነት መያዣ ነው ማለቱ አይቀርም። ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት ሁሉ የሚመለስለት መያዣ ለአበዳሪው ምን ይጠቅመዋል? ጥቅሙ ትንሽ ነው። ዕዳው መኖሩን ያስታውሳል፣ ከዚያ ብዙ አያልፍም። ሕጉም የፈለገው ይህን ያህል ብቻ ነው። ዕዳው ይታወቅ፣ ሰውዬው ግን ይተኛ፣ ይረስ።

ይህን ከአንድ የዛሬ አሠራር ጋር ላገናኘው። አፍሪካ ውስጥ በዱቤ የሚሸጡ ዘመናዊ ስልኮች በዝተዋል። ገዢው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይከፍላል። ክፍያው ሲዘገይ ስልኩ ከርቀት ይቆለፋል። ሻጩ ገንዘቡን የሚያስከብርበት መንገድ ያስፈልገዋል፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን በዚያ ስልክ ትእዛዝ የሚቀበል ሞተረኛ፣ በዚያ ስልክ ደንበኛ የሚጠራት ፀጉር ሠሪ፣ ስልኩ ሲቆለፍ ዕዳውን የሚከፍልበት ሥራም አብሮ ይቆለፋል። ወፍጮው ተወሰደ ማለት ነው። የሚሽናን መንገድ የተከተለ ሰው መዝናኛውንና ጨዋታውን ቆልፎ ጥሪና የክፍያ አገልግሎቱን ክፍት ይተው ነበር። ማረሻው ቀን ቀን ይመለሳል። ይህን በሶፍትዌር መሥራት የሚከብድ አይመስለኝም።

ወለድን በተመለከተ ኦሪቱ ጠንካራ ነው። ለተቸገረ ወንድምህ በወለድ አታበድር ይላል። እኛ አራጣ የሚለውን ቃል ስንሰማ ፊታችን ይጠቁራል፤ የአገራችን የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ብሎታል። ረቢዎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው ወለድ በስንት መንገድ ተሸፍኖ እንደሚመጣ መከታተላቸው ነው። ሚሽና ባባ መጽያ በሚባለው ክፍሉ እንዲህ ይላል፦ ለሰው ያበደረ በተበዳሪው ግቢ በነፃ አይኑር፤ ከዋጋው ቀንሶም አይከራየው። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ግን ብድሩ ያስገኘለት ጥቅም ነውና ወለድ ነው።

ገጠር ያደገ አንባቢ እዚህ ጋ ወለድ አገድ ትዝ ሊለው ይችላል። ገበሬው መሬቱን አስይዞ ይበደራል፤ ዋናውን እስኪመልስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያውቀዋል። የሚሽና ሊቃውንት ከግቢው ኪራይ ጋር ያዩት ይህንኑ ነው፤ ገንዘብ የማይመስል ወለድ።

አሁን ደግሞ ወደ መተግበሪያው እንመለስ። አበዳሪው ድርጅት ከክፍያው ሌላ የተበዳሪውን መረጃ ይወስዳል። የት እንደሚውል፣ ለማን እንደሚደውል፣ ምን ያህል አየር ሰዓት እንደሚሞላ። ከዚህ ጥቂቱ ሰውዬው መክፈል ይችል እንደሆነ ለመገመት ያስፈልጋል፣ እሺ። ዕዳው ከተከፈለ በኋላም መረጃው እዚያው ተቀምጦ ለማስታወቂያና ለሌላ ንግድ ሲውል ግን አበዳሪው በተበዳሪው ግቢ በነፃ እየኖረ ነው። ስለ መረጃ ጥበቃ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ምስጢር ነው። በባባ መጽያ ዓይን ግን ጉዳዩ የዋጋ ጉዳይም ነው። ድሃው ከተነገረው በላይ እየከፈለ ነው።

ሌላም አለ። እዚያው ሚሽና ላይ ረቢ ሺሞን የሚባል ሊቅ የቃል ወለድ የሚባል ነገር አለ ይላል። ተበዳሪ ለአበዳሪው ወሬ እየለቀመ ማቅረብ፣ እገሌ ከእገሌ አገር መጥቷል እያለ መረጃ ማቀበል የለበትም። ታልሙድ ይጨምርበታል፦ ድሮ ሰላም የማይለው ሰው ከተበደረ በኋላ ቀድሞ ሰላም ማለት አይጀምር። በጣም የረቀቀ ነገር ነው። ሁላችንም የምናውቀው ስሜት ነው ግን። ገንዘብ የተበደርነውን ሰው ስናገኝ ድምፃችን ይለወጣል። ሳቃችን ይረዝማል። ሊቃውንቱ ያንን መሽቆጥቆጥ ከወለድ ቆጠሩት።

አበዳሪውንም አልተዉትም። ተበዳሪው የሚከፍለው እንደሌለው እያወቀ በፊቱ አይለፍ ይላል ታልሙድ። ልብ በሉ፣ ለመጠየቅ አይደለም፤ በፊቱ ለማለፍ ብቻ። ማለፉ በራሱ ጥያቄ ነውና። በቀን ሦስቴ «ዕዳዎን ይክፈሉ» የሚል መልእክት የሚልክ ሥርዓት ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል? ሰውዬው ሥራ እንዳጣ ቢያሳውቅ እንኳ መልእክቱ አይቆምም፤ ያዘጋጀው ሰው እንዲቆም አላደረገውምና።

ይህ ወደ ሌላ ጥያቄ ይወስደናል፤ ጥፋቱ የማን ነው? ሚሽና ወለድ ያለበት ብድር ላይ እነማን እንደሚጠየቁ ሲዘረዝር አበዳሪውን፣ ተበዳሪውን፣ ዋሱንና ምስክሮቹን ይጠራል። ሊቃውንቱ ደግሞ ጸሐፊውም ጭምር ይላሉ። ውሉን የጻፈው ሰው! ሰውዬው ሳንቲም አላበደረም፣ ሳንቲም አልወሰደም፤ የጽሕፈት ዋጋውን ተቀብሎ ሄዷል። ግን ያለ እጁ ውሉ አይኖርም ነበር። ዛሬ የብድር ውል የሚጻፈው በኮድ ነው። የስልክ ቁጥሮቹን የሚገለብጠውን መስመር የጻፈ ፕሮግራመር አለ። ቅጣቱ በየዕለቱ እንዲደራረብ አድርጎ ያሰላ ባለሙያ አለ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» የሚለው መልስ በዚህ ሕግ ፊት አይበቃም። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ወጣቶቻችን ይህቺን አንዲት የሚሽና አንቀጽ ከትምህርታቸው ጋር ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ ሕጉ ለድሃው እንዴት እንደሚያደላ ነው። ነገር ግን ለድሃ የሚያደላ ሕግ ድሃውን ራሱን ሲጎዳስ? የአይሁድ ባህል ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ እዚህ ጋ ነው።

ዘዳግም 15 በየሰባቱ ዓመት ዕዳ ይማር ይላል። በዕብራይስጥ ሽሚታ የሚባለው ዓመት ነው፤ መሬትም የሚያርፍበት። ሕጉ ራሱ አደጋውን ቀድሞ አይቶታል። ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብለህ በልብህ ክፉ አስበህ ወንድምህን እንዳትነሳው ብሎ ያስጠነቅቃል። ሰው ግን ያው ሰው ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን ዋዜማ፣ በሄሮድስ ዘመን፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያስተምር የነበረው ሂሌል ያየው ይህንን ነው። ዓመቱ ሲቀርብ የሚያበድር ይጠፋል። ዘር የሚገዛበት የጎደለው ገበሬ በር ሁሉ ይዘጋበታል። ድሃን ሊያሳርፍ የመጣው ሕግ ድሃውን ባዶ እጁን እየሰደደው ነው።

ሂሌል ሁለት ቀላል መንገድ ነበረው። አንዱ ሕጉ ጊዜው አልፎበታል ብሎ መተው ነው። ሌላው ሕግ ሕግ ነው፣ የሰው ልብ ነው የከፋው ብሎ መስበክ ነው። ሁለቱንም አላደረገም። ፕሮዝቡል የሚባል አጭር ሰነድ አወጣ። አበዳሪው ዳኞች ፊት ይቀርብና በግምት እንዲህ የሚል ያጽፋል፦ እናንተ በዚህ ቦታ ያላችሁ ዳኞች ሆይ፣ ያለኝን ዕዳ ሁሉ በፈለግሁ ጊዜ እንደምሰበስብ አሳውቃችኋለሁ። ዳኞቹ ወይም ምስክሮቹ ከታች ይፈርማሉ። ምሕረቱ የሚመለከተው በሰውና በሰው መካከል ያለን ዕዳ ነው። ዕዳው ወደ ፍርድ ቤት ሲተላለፍ በሁለቱ መካከል መሆኑ ቀረ። ስለዚህ አይሰረይም፤ አበዳሪውም ሳይፈራ ያበድራል።

አንድ ዝርዝር አለ፣ ደስ የሚለኝ። ፕሮዝቡል የሚጻፈው ተበዳሪው መሬት ካለው ነው። ከሌለውስ? አበዳሪው ከራሱ እርሻ ላይ ጥቂት መሬት ይስጠው ይላል ሚሽና። ያቺን ያህል መሬት ለሕጉ መሟላት ብቻ ናት፣ እውነት ነው። ቢሆንም ዕዳውን ማስከበር የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ መስጠት አለበት።

ሚሽና ይህን የሂሌል ሥራ ለዓለም መስተካከል ሲባል ከተደረጉ ማሻሻያዎች ጋር ያስቀምጠዋል። ሁሉም ሰው አልተስማማም ነበር። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ባቢሎን የነበረው ሊቅ ሳሙኤል ፕሮዝቡልን የዳኞች ድፍረት ብሎታል፤ ሥልጣን ባገኝ እሽረዋለሁ ብሏል። ረቢ ናሕማን በተቃራኒው እኔ አጸናዋለሁ አለ። ታልሙድ የሁለቱንም ቃል አስቀምጧል። ባህሉን እንዳከብረው ከሚያደርጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የተሸነፈው ሰው ተቃውሞ አልተፋቀም።

ሳሙኤል የፈራው ነገርም ከንቱ አልነበረም። ፕሮዝቡል የብድርን በር ከፈተ፤ ዕዳ እንዳይከማች ግን አላደረገም። ሂሌል ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ66 ዓ.ም.፣ ኢየሩሳሌም በሮማውያን ላይ ስታምፅ ዓመፀኞቹ ካቃጠሏቸው ነገሮች አንዱ የዕዳ ሰነድ የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፍ እንደሚለው ዓላማው ዕዳ ያለባቸውን ድሆች ከጎን ለማሰለፍ ነበር። የዕዳው ክምር የመጣው በፕሮዝቡል ነው ማለቴ አይደለም፤ ግብሩ፣ ድርቁ፣ የመሬት መሰብሰቡ ሁሉ ነበረበት። ግን በሰላም መሰረዣ መንገዱን ያጣ ዕዳ ሌላ መሰረዣ ይፈልጋል።

ዛሬም ሃይማኖተኛ አይሁዶች ፕሮዝቡል ይፈርማሉ። ያለፈው ሽሚታ በመስከረም 2022 ነው ያበቃው፤ የሚቀጥለው በመስከረም 2028 ይጀምርና በ2029 ያበቃል። የአይሁድ አዲስ ዓመት ከእንቁጣጣሽ ብዙ አይርቅም፤ ዕዳ የሚሰረየውም ያ ሰባተኛ ዓመት ሲያልቅ ነው። አንዳንዶች ፕሮዝቡሉን ከፈረሙ በኋላ ሆን ብለው ለሰው ትንሽ ገንዘብ ያበድሩና ያቺ ዕዳ በሕጉ መሠረት እንድትማር ይተዋሉ። ማሻሻያው ዋናውን ሕግ እንዳያስረሳ ነው።

እንዲህ ዓይነት መፍትሔ ሁሉ እኩል ያሳምነኛል ማለት ግን አልችልም። ሄተር ኢስካ የሚባል ሌላ ሰነድ አለ። በ1600 አካባቢ ፖላንድ ውስጥ የተስፋፋ ነው። ብድሩን የሽርክና ሥራ ያደርገዋል፤ አበዳሪው ወለድ አይቀበልም፣ የትርፍ ድርሻውን ይቀበላል። የእስራኤል ባንኮች ዛሬ በዚህ ሰነድ ይሠራሉ፤ ቅርንጫፎች ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ነጋዴ ለንግዱ ሲበደር ነገሩ ትርጉም አለው፤ ትርፍ አለ፣ ሽርክና አለ። ደመወዙ ሳይደርስ ለአስቤዛ የተበደረ ሰው ግን ከባንኩ ጋር ምን ተሻረከ? ረቢዎቹም ራሳቸው በዚህ ላይ ይከራከራሉ። ሂሌል ያሻሻለው የድሃው በር እንዳይዘጋ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ባንኩን ከሕጉ ያድነዋል፤ ለደንበኛው ግን ያቀለለለት ነገር አይታየኝም። አሮጌ ሕግን ለአዲስ ዘመን ማላመድ ሲባል ማን ተጠቀመ ብሎ መጠየቅ ጥሩ መለኪያ ነው።

ከሕግ ጭቅጭቁ ጎን ደግሞ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ታልሙድ ማበደር ከመመጽወት ይበልጣል ይላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የኖረው ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍል ከሁሉ ከፍ ያለው ሰውን በስጦታ፣ በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በማስያዝ ዳግመኛ እንዳይለምን ማድረግ ነው አለ። ከዚህ የተወለደው ገማኽ የሚባለው ነው፤ ያለ ወለድ የሚያበድር ማኅበር። በኢየሩሳሌም ሠፈሮች ገማኽ ከገንዘብ አልፎ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሕፃን አልጋ፣ ወንበርና መሰርሰሪያ ሳይቀር ያውሳል። እድራችን ድንኳኑንና ድስቱን እንደሚያውሰው ማለት ነው።

ትልልቆቹም አሉ። በ1892 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቂት ስደተኞች 95 ዶላር አዋጥተው አንድ የነፃ ብድር ማኅበር መሠረቱ። ዛሬም እየሠራ ነው፤ ሃይማኖት ሳይለይ ያበድራል። መያዣው ንብረት ሳይሆን ዋስ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ደግሞ በ1990 ኢየሩሳሌም የተመሠረተው የእስራኤል የነፃ ብድር ማኅበር ነው። መሥራቹ ኤሊዔዘር ያፌ የሚባሉ የሶሻል ወርክ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጊዜው ከሶቭየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ ስደተኛ የሚጎርፍበት ነበር፤ ማኅበሩ የተቋቋመውም ለእነዚሁ አዲስ ገቢዎች ነው። ዛሬ ኦጌን በሚል ስም ይታወቃል። አዲስ ገቢ ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ግን ትንሹን የሚሰጠው የለም። የሥራ ታሪክ የለውም፣ ቋንቋው ገና ነው፣ የሚያውቀው ዋስ የለውም። እዚያ ጊዜ የሚገኝ ወለድ አልባ ብድር ሰውን ከአራጣ አበዳሪ ያድነዋል።

አንድ የማልሸሸው ነገር አለ። ኦሪቱ ከባዕድ ወለድ መቀበልን ፈቅዷል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አይሁዶች ከመሬትና ከሙያ ማኅበራት ተከልክለው፣ ለክርስቲያን የተከለከለውን ማበደር እንዲሠሩ ተገፉ፤ ከዚያ በዚያው ሥራ ተጠሉ። አይሁድና ገንዘብ እያለ እስከ ዛሬ የሚዞረው ስም ማጥፋት ከዚህ ብዙ ይወስዳል። ያው ታልሙድ ግን መዝሙር 15ን ሲተረጉም ገንዘቡን በወለድ የማይሰጥ የተባለውን ሰው ከባዕድም ወለድ የማይቀበል አድርጎ ያመሰግነዋል። ከላይ ያልኩት የኒው ዮርክ ማኅበር ለማንም ማበደሩ ከዚህ መስመር ጋር ይሄዳል።

ስለ አገር ዕዳ ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ኢዮቤልዩ 2000 የተባለው ዓለም አቀፍ የዕዳ ስረዛ ዘመቻ ስሙን የወሰደው ከዘሌዋውያን 25 ነው። ኢትዮጵያ በ2004 ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች በተዘጋጀው መርሐ ግብር የዕዳ ስረዛ አግኝታለች። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የዩሮ ቦንድ ወለዷን ሳትከፍል ቀርታ እንደገና ድርድር ገብታለች። ከተሰረዘ በኋላ ማን ያበድረናል የሚለው ስጋት የሂሌል ዘመን ስጋት ነው። ስረዛና ብድር አብረው እንዲኖሩ የሚያደርግ አሠራር አገሮች ገና በደንብ አልሠሩም።

ወደ ግለሰቡ ልመለስ። ይህ ባህል ተበዳሪውን አያሞላቅቀውም። መዝሙር 37 ተበድሮ የማይመልሰውን ኃጢአተኛ ይለዋል። መክፈል እየቻለ የሚደበቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ድሃ በር ይዘጋበታል፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የእስራኤል ፓርላማ በ2018 ያወጣው፣ በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የኪሳራ ሕግም ሁለቱን ለማስታረቅ ይሞክራል። ዕዳ የከበደው ሰው ለተወሰነ ጊዜ አቅሙ የፈቀደውን ይከፍላል፤ ግዴታውን ከፈጸመ ቀሪው ይሰረዝለታል። ሕጉ ዓላማው ሰውዬውን መልሶ ማቋቋም እንደሆነ በስሙም ጭምር ይናገራል።

ሚሽና ሽቪዒት በሚባለው ክፍል ከሽሚታ በኋላ ዕዳውን ይዞ የመጣ ተበዳሪ አለ። ሕጉ ነፃ አውጥቶታል፤ እሱ ግን ገንዘቡን ይዞ መጣ። አበዳሪው «ምሬሃለሁ» ሊለው ይገባል። ተበዳሪው «ቢሆንም ውሰድ» ካለ ይቀበለዋል። እንዲህ አድርጎ የሚከፍል ሰው የሊቃውንቱ መንፈስ በእሱ ደስ ይላታል ይላል። ሁለቱም ከሚገደዱበት በላይ ሄደዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ግን አንዱ ለሌላው የሚናገርበት መንገድ ስላለ ነው።

የስልክ ብድር ላይ የጎደለው ይህ ነው። ቀኑን የሚቆጥረው፣ ቅጣቱን የሚጨምረው፣ መልእክቱን የሚልከው ማሽን ነው። ሞት ያጋጠመው፣ ሆስፒታል የገባ፣ ሱቁ የፈረሰበት ተበዳሪ የሚያናግረው ሰው ያጣል። ደንብ የሚያወጡት ሰዎች የወለድ ጣሪያን ብቻ ባያዩ መልካም ነው። እያንዳንዱ የብድር መተግበሪያ ቀን ለማራዘም፣ ቅጣት ለማቆምና ዕዳ ለመተው ሥልጣን ያለው ሠራተኛ ይኑረው፤ ስልክ ቁጥሩም ተበዳሪው ውሉን በሚፈርምበት ገጽ ላይ፣ ከመክፈያው ቀን ጎን ይጻፍ።